ወንድም ወይም እህት በድንገት ሲሞት፦ እርምን በወጉ ማውጣት

ልጅ ሲሞት ሰው ሁሉ ወደ እናትና አባት ይሮጣል። የሟች ወንድምና እህት ግን በገዛ ለቅሷቸው ላይ አስተናጋጅ ይሆናሉ። ፍራሽ ሲያነጥፉ፣ እንግዳ ሲቀበሉ፣ «አንተ ካለቀስክ እናትህን ማን ያጽናናት?» ሲባሉ እርማቸውን ሳያወጡ ድንኳኑ ይፈርሳል። ከወራት በኋላ የሚጥላቸውም ይኸው ነው። ስለዚህ ሥራውን በመጀመሪያው ሰዓት አስረክቡ። ቀብር ማስቆፈሩ፣ ድንኳኑ፣ ውሃና እንጨቱ የቅሬው (የእድሩ) ድርሻ ነው። ገንዘብ የሚይዝና የሚወስን አንድ አጎት ወይም የአክስት ልጅ ሰይሙና ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

ከሁሉ የሚከብደው መርዶው ነው። ልማዱ ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ መንገር ነው፤ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ብቻውን አይጋፈጠውም፣ ቀኑን ሙሉም ሰው አለው። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ግን ጀናዛው እስከተቻለ በዚያው ቀን ስለሚወጣ ንጋት አይጠበቅም። ከመንገራችሁ በፊት እናትና አባት የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መውሰዳቸውን አረጋግጡ፤ ራሳቸውን እንዳይጥሉ ግራና ቀኝ ሰው ይቀመጥ። «ትንሽ አሞታል» ማለት እስኪደርሱ ድረስ ያገለግል ይሆናል፤ ከቀብር በኋላ ከቀጠለ ግን ቂም ይሆናል።

ጅዳ ወይም ሪያድ ያለች እህት ካለች ጉዳዩ ሌላ ነው። በአሠሪ ቤት ብቻዋን ሥራ ላይ ሳለች በስልክ አትንገሯት። በቅርቧ ያለች ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ፈልጉና አጠገቧ ሆና ትንገራት። እስከዚያው የሟቹ ፎቶ በፌስቡክም በቲክቶክም እንዳይወጣ ለዘመድ ሁሉ ቶሎ አስጠንቅቁ፤ ነገሩን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ «ነፍስ ይማር» ብሎ የቸኮለ የአጎት ልጅ ነው። ከሰማች በኋላ ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት ቪዲዮ ክፈቱላትና ከለቀስተኛው ጋር ታልቅስ።

ድንገተኛ ሞትን ልብ ቶሎ አያምንም። ስለዚህ ከመከፈኑ ወይም ከመገነዙ በፊት ፊቱን ለማየት የፈለገ ይይ፤ በሙስሊሙ ወግ ወንድም ወንድሙን ማጠብ ይችላል፣ እህትም እህቷን። በመኪና አደጋ ከሞተ አንድ የጠና ሰው አስቀድሞ ይመልከትና ምን እንዳለ ይንገራችሁ፤ ፊቱ ከተጎዳ እጁን መንካት ይበቃል። ፖሊስ አስከሬኑን ለምርመራ ቢያቆየው አትጣሉ። ውጤቱ ለክሱም ለመድን ካሳውም ያስፈልጋል።

በለቅሶው ቀናት ሰውነትን የሚጎዳው ባዶ ሆድ ላይ የሚደራረበው ቡና ነው። ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውም ሁሉን ለሐዘኑ ይሰጠዋል። በየሲኒው መሐል ውሃ ጠጡ፣ ንፍሮም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ቅመሱ፣ ካልወረደላችሁ አጥሚት ይሻላል። ቤተሰቡ ሙስሊምም ክርስቲያንም ካለበት ሥጋውን ትቶ ንፍሮና ዳቦ ማቅረብ የማንንም እጅ አይመልስም። ደረት መድቃትና ፊት መንጨትን ሁለቱም ሃይማኖቶች አይወዱትም፤ እንባን ግን አትከልክሉ።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሰው ይበተናል፤ ክፉው ጊዜ ይሄኔ ነው። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አብሮ የሚያድር ሰው ይኑር። ልብሱን ቶሎ አትበትኑ። ሲም ካርዱን አታዘጉ፤ የባንክና የቴሌብር መልእክት የሚመጣው በእሱ ነው። ዕዳ ካለበት አበዳሪው እንዲመጣ በቀብሩ ላይ ማስነገር ኋላ ከሚነሳ ጭቅጭቅ ያድናል። ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ፤ ወራሽነት ሲጠየቅ የሞት ምስክር ወረቀቱ ይፈለጋል።

«ያን ቀን ስልኩን ባነሳሁለት» የሚለው ጸጸት በሆድ ሲያዝ ያድጋል። የሟቹን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ተናገሩት። ተኳርፋችሁ ከነበረ ሙስሊሙ ዱዓና ሰደቃ፣ ክርስቲያኑ ፍትሐትና አርባ አለው፤ በስሙ ስትሰጡ የቀረውን ይቅርታ አብራችሁ ጠይቁት።

ስሙ ሲነሳ ማልቀስ ዓመትም ቢቆይ በሽታ አይደለም። ሐዘኑ ከ6 ወር በኋላም ሥራና ቤት ካስተወ፣ መጠጥ ካበዛ፣ ሐኪም ይየው። «እሱን ተከትዬ በሄድኩ» ማለት ከመጣ ግን ወር አይቆጠርም፤ ብቻውን አትተዉት፣ ገመድና የተባይ መድኃኒት ከቤት አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።