ለሕፃናት የቲቪ ፕሮግራም ስትሠሩ ዝምታውንም ጻፉት

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የሚመልሰው፣ የሚጠቁመው ወይም የሚዘልለት ነገር ካጣ ብዙም ሳይቆይ ወደ መጫወቻው ይዞራል። ስለዚህ ስክሪፕት ስትጀምሩ ከታሪኩ በፊት ልጁ ምን እንደሚያደርግ ወስኑ።

ዋናው መሣሪያ ጥያቄና ዝምታ ነው። አቅራቢዋ ሌንሱን ቀጥ ብላ እያየች «ቀዩ ኳስ የት አለ?» ትላለች፤ ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ዝም። ሙዚቃው ዝቅ ይላል፣ ካሜራው አይነቃነቅም፣ ኳሱም ከእይታ አይወጣም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ኤዲቲንግ ላይ ነው። ባዶ የመሰለው ሰከንድ ይቆረጥና ልጁ አፉን ሳይከፍት መልሱ ይነገራል። ደጋግመው ሲቀድሙት መሞከሩን ይተዋል። ለዚህ ነው የዝምታው ርዝመት ስክሪፕቱ ላይ በሰከንድ መጻፍ ያለበት። ቀጥሎ «አዎ፣ ወንበሩ ሥር ነው!» በሉ። «ጎበዝ!» ብቻ ከሆነ ለተሳሳተውም ዝም ላለውም እኩል ይደርሳል።

ቦታ ስትቀይሩ መንገዱን አሳዩ። ገጸ ባሕሪው ከቤት ወጥቶ በአንዴ ጫካ ውስጥ ከታየ ትንሹ ተመልካች ይጠፋበታል።

ድግግሞሽን አትፍሩ፤ የሚሰለቸው አዋቂው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው የአሜሪካ የሕፃናት ፕሮግራም «ብሉዝ ክሉዝ» አንዱን ክፍል አምስት ቀን በተከታታይ ያሳይ ነበር፤ ልጆቹ ደግመው ባዩት ቁጥር የበለጠ እየጮኹ ይመልሱ ነበር።

ከስርጭት በፊት በልጆች ፈትኑት። «ሰሳሚ ስትሪት» የተባለው የአሜሪካ የሕፃናት ፕሮግራም አጥኚዎች ከቴሌቪዥኑ ጎን በየ7.5 ሰከንዱ ሥዕል የሚቀይር ፕሮጀክተር አስቀምጠው የልጁ ዓይን መቼ እንደሚሸሽ ይመዘግቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ሙከራቸው ሰዎች ብቻ የሚታዩበት የመንገድ ትዕይንት ላይ ልጆቹ ፊታቸውን አዞሩ። ባለሙያዎች አሻንጉሊትና ሰው እንዳይቀላቀሉ መክረው ነበር፤ አዘጋጆቹ ግን ምክሩን ትተው ቢግ በርድን፣ ትልቁን የወፍ አሻንጉሊት፣ ሰዎቹ መሃል አስገቡት። ደግ አደረጉ።

ዓይን ስክሪኑ ላይ መሆኑ ግን መረዳትን አያሳይም። ክፍሉ እንዳለቀ ሦስት ሥዕሎች ስጡትና በቅደም ተከተል ያስቀምጣቸው። ፈዝዞ ሲያይ ቆይቶ ቅደም ተከተሉ ከጠፋው የያዘው ቀለሙና ጩኸቱ ሊሆን ይችላል። የጀርባ እንቅስቃሴውንና ሙዚቃውን ቀንሱና ላላዩት ልጆች እንደገና አሳዩ።