ከዓይን ውስጥ ዘይት እንዴት ይወጣል? ከባሕር ዳር ለሚነሳ ታማሚና አስታማሚ

ሬቲናው (ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ተላቆ ቀዶ ጥገና የተሠራለት ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑ ውስጥ ሲሊኮን ዘይት ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ዘይቱ የሚገባው ሬቲናውን ቦታው ላይ ደግፎ እንዲይዝ ነው። ሬቲናው ከያዘ በኋላ መውጣት አለበት፤ ይህ ማለት ደግሞ ሌላ ቀዶ ጥገና ነው። ዘጌ የምትኖረውን አክስቴን ይዤ ስመላለስ የተማርኩትን ልጻፍላችሁ። ማውጣቱ የሐኪሙ ሥራ ነው። ከሱ በፊትና በኋላ ያለው ግን የታማሚውና የአስታማሚው ነው፤ ነገር የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ቀጠሮውን ያዙ

ዘይቱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። ቀኑን የሚቆርጠው ሬቲናው መያዙን ያየው ሐኪም ነው። ችግሩ ሰው "አያመኝም፣ ትንሽ ትንሽም ይታየኛል" ብሎ ይቀራል። አጨዳ ይደርሳል፣ ብር ያጥራል፣ መንገድ ይዘጋል።

ዘይቱ ሲቆይ ግን ይሰባበርና ደቃቅ ነጠብጣብ ይሆናል። ነጠብጣቡ የዓይን ውኃ የሚፈስበትን መንገድ ሲደፍነው የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ይከተላል። ሞራም ያፈጥናል። የዓይኑ ብሌን ላይ፣ በላይኛው ጠርዝ በኩል፣ ነጭ ነገር ተሰብስቦ ካያችሁ የተሰባበረው ዘይት ወደ ፊት መጥቶ ሊሆን ይችላል። መግል ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ዘይት ግን ከውኃ ስለሚቀል ከላይ ነው የሚቀመጠው። ይህን ካያችሁ የቀጠሮውን ቀን አትጠብቁ።

አንዳንድ ዓይን ላይ ሐኪሙ ራሱ "ዘይቱ ይቆይ" ይላል። ግፊቱ በጣም የወረደ ወይም ሬቲናው ያለ ዘይት የማይቆም ዓይን እንዲህ ነው። ምክንያቱን ጠይቁና ክትትሉን ቀጥሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት

የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ወረቀት ያዙ። ባሕር ዳር ላይ ታይታችሁ ወደ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ከተላካችሁ ደግሞ የሪፈር ወረቀቱ ማኅተም እንዳለው እዚያው መስኮቱ ላይ እያላችሁ እዩት። የጤና መድን የምትጠቀሙ ከሆነ ያለሱ አይሆንም። የስኳር፣ የደም ግፊትና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሙን ከማስታወስ ማሸጊያውን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ረጋ በሉ። ዘይቱ ሲወጣ ሞራውም አብሮ የሚወጣ ከሆነ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ለሌንሱ የዓይኑ ርዝመት ይለካል። በአልትራሳውንድ ሲለካ ድምፅ ዘይት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ መሣሪያው ዓይኑን ከልኩ በላይ ረጅም አድርጎ ያነበዋል። የሚለካው ባለሙያ ዘይት መኖሩን ካወቀ ያስተካክለዋል፤ ካላወቀ የማይሆን ሌንስ ሊገባ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ "ዓይኑ ውስጥ ዘይት አለ" በሉ። ካርዱ ላይ ተጽፏል ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ወረፋ በበዛበት ክፍል ካርድ ሁልጊዜ አይነበብም።

የቀዶ ጥገናው ቀን

ብዙ የሚባል የለም። በአብዛኛው በሰመመን ሳይሆን ዓይኑ አጠገብ በሚወጋ ማደንዘዣ ይሠራል። ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ በአንዱ ውኃ ይገባል፣ በሌላው ዘይቱ ይመጠጣል። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ አይቸኩልም። ከዚያ ሬቲናው ይታያል፣ ካስፈለገ ሌዘር ይጨመራል። ጠዋት ፊት መታጠብ፣ ኩልና ቅባት አለማድረግ፣ ምግብ ላይ የተባላችሁትን መጠበቅ። በቃ።

ከመውጣታችሁ በፊት የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ

"በዘይቱ ፋንታ ምን ገባ?"

ይህን ሳትጠይቁ ከክፍሉ አትውጡ። መልሱ ውኃ፣ አየር ወይም ጋዝ ነው። ውኃ ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው። አየር ሳምንት ገደማ ይቆያል። ኤስኤፍ6 የሚባለው ጋዝ 2 ሳምንት ገደማ፣ ሲ3ኤፍ8 የሚባለው ደግሞ እስከ 2 ወር ሊቆይ ይችላል።

ለኛ አገር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጋዝና አየር ከፍታ ሲጨምር ይሰፋሉ፤ ዓይን ደግሞ የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ግፊቱ በድንገት ሲጨምር ወደ ሬቲና የሚሄደውን ደም እስከ ማቆም ይደርሳል። አውሮፕላን ክልክል የሚሆነው ለዚህ ነው። ዘይት አይሰፋም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በኋላ በአውሮፕላን የመጣ ሰው "ያኔ ምንም አልሆንኩም" ብሎ ሁለተኛም ቲኬት ይቆርጣል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

አውሮፕላኑን ብዙ ሰው ሰምቷል፤ ስለ መኪና መንገድ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ታቦር 2,700፣ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ። ባሕር ዳር ላይ ጋዝ የተደረገለት ሰው ደብረ ታቦር ለለቅሶ ልድረስ ቢል 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከአዲስ አበባ የሚመለስ ደግሞ "ባሕር ዳር ዝቅ ያለች ናት፣ ምን አለበት" ሊል ይችላል። መድረሻው ዝቅ ይላል፤ መንገዱ ግን ከከተማው ሲወጣ በእንጦጦ ሽቅብ ይላል፣ ከዚያ ዓባይ በረሃ ይወርድና ደጀን ላይ ከ1,000 ሜትር በላይ እንደገና ይወጣል። ወደ ጎንደር የተላካችሁም ያው ነው፤ መንገዱን ለሐኪሙ ንገሩት።

"ዶክተር፣ በዓባይ በረሃ ነው የምንሄደው፤ መቼ መነሳት እንችላለን?" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። አክስቴን ያዩዋት ሐኪም "እማማ፣ ጋዙ ሳይጠፋ የትም የለም" ብለው ቆረጡት። ዘመድ ቤት መቆየት ይሰለቻል፣ ወጪም አለው። ቢሆንም ከዚህ የሚቆጠብ ብር የለም። ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ መሄድ ግን በከፍታ በኩል አያሰጋም፤ ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው። የውኃ ፍንጣቂውን ብቻ ጠብቁ።

ጋዝ እንዳለ ሌላ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ፣ ለምሳሌ አደጋ ቢደርስ፣ ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ማወቅ አለበት። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው የማደንዘዣ ጋዝ የዓይኑን ጋዝ ያሰፋዋል። ወረቀቱ ከኪስ አይለይ። ሐኪሙ ስለ አተኛኘት ያለውን ጠብቁ፤ ጋዝ ካለ በጀርባ መተኛት አይፈቀድም።

ጋዙ መጥፋቱን ታማሚው ራሱ በከፊል ያየዋል። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ብዥ ይላል። ቆይቶ ጭንቅላት ሲነቃነቅ የሚዋልል አግድም መስመር ይመጣል፤ ጣናን ከዳር ሆኖ እንደ ማየት ነው። ከመስመሩ በላይ ይጠራል፣ መስመሩ ቀን በቀን ወደ ታች ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ክብ ሆኖ ይጠፋል። ቢሆንም "ጠፍቷል" የሚለው ቃል ከሐኪም ይምጣ።

ቤት ውስጥ

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚታዘዘው ነጩ ጠብታ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጣል። ሳትነቀንቁት ብታደርጉት ውኃውን ብቻ ነው ያንጠባጠባችሁት። እጅ ታጥባችሁ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ፣ ጫፉን ዓይን ሳታስነኩ አንድ ጠብታ ይበቃል። በሁለት ዓይነት ጠብታ መካከል 5 ደቂቃ ጠብቁ። የስልክ ማንቂያ ሙሉ፤ "አስታውሳለሁ" አይሠራም። ሲያልቅ ከፋርማሲ በራሳችሁ እየገዛችሁ አትቀጥሉ፤ ይህ ጠብታ ሲቆይ የዓይን ግፊት ይጨምራል። በድንገትም አታቁሙት፣ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

ሌሊት የሚለጠፈውን የፕላስቲክ ሽፋን ከጥጥ እመርጣለሁ። ጥጥ ዓይኑን ይጫነዋል፣ ክሩም ይገባል።

ከባዱ ክፍል ጸበል ነው። ጎረቤት በፍቅር ይዞ ይመጣል፣ እምቢ ማለት ይከብዳል። አክስቴ ቁስሉ እስኪድን እየጠጣችው ዓይኗ ላይ ግን አላስነካችም፤ የንስሐ አባቷም ተስማሙ። ስግደትም እንዲሁ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆያል። እንጨት መፍለጥ፣ እንስራ ማንሳት፣ የጓዳ ጭስ ሁሉም ይቆይ።

በዚያው ቀን ሐኪም ጋ የሚያስኬድ

ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ፣ የመብረቅ ብልጭታ፣ በድንገት የበዛ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የሚጨምር ሕመም ከማስመለስ ጋር፣ መግል፣ የእይታ መውረድ። ዘይቱ ከወጣ በኋላ ሬቲና እንደገና ሊላቀቅ ይችላል። ለነገ አታሳድሩት።

የሚያስደነግጥ ግን ብዙ ጊዜ የማይጎዳ ነገርም አለ። ተርፈው የቀሩ ጥቃቅን የዘይት ክቦች በእይታው ታችኛ በኩል ይታያሉ፤ አጎንብሶ ሲያነቡ መሀል ላይ ይመጣሉ። በቀጠሮው ቀን ንገሯቸው።

መነጽር የመጨረሻው ነው። ዘይት የዓይንን ቁጥር በጣም ይለውጣል፣ ሲወጣ ደግሞ እንደገና ይለወጣል። ሐኪሙ ዓይኑ ረግቷል ካለ በኋላ አዲስ ልኬት አስወስዱ፤ ዘይቱ እያለ የተለካውን ወረቀት ለመነጽር ቤቱ አትስጡ።