ጠገራ ብር ሲያጠራጥር፦ ችግሩና መፍትሔው

ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የብር ሳንቲም ነው። ጠገራው 1780 የሚል ዓመት ይዞ ሳለ አዲስ ቢመስል፣ ሐሰተኛ ነው ብለው ለመደምደም አይቸኩሉ። እቴጌዋ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1780 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቪየናም ሆነ በሌሎች ከተሞች የተመታው ብር ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ቀጥሏል፤ በሮም እ.ኤ.አ. ከ1935፣ በለንደን ደግሞ ከ1936 ጀምሮ ተመትቷል። ከምስላቸው በታች ያሉት ኤስ እና ኤፍ የተባሉት ፊደላትም ዛሬ በጀርመን አገር ባለችው በጉንትስቡርግ ከተማ የነበረው የገንዘብ መምቻ ቤት የሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ቢሆኑም፣ በኋለኞቹ ላይ ሳይቀሩ ተቀርጸዋል። ስለዚህ ሻጩ ዓመቱንና ፊደላቱን ብቻ እያሳየ የጥንት ነው ቢልዎት፣ ሌላ ማስረጃ እስኪያቀርብ ድረስ ከኋለኛው ብር ዋጋ በላይ አይክፈሉ።

ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ የሚጎድል ከሆነ ጥርጣሬው የበረታ ነው። ትክክለኛው ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። ብዙ እጅ የዞረበት ብር በመፋተግ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን ስፋቱና ውፍረቱ ሳይለወጥ 24 ወይም 25 ግራም ከሆነ ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንድ አጭበርባሪ ውፍረቱን ጨምሮ ክብደቱን ስለሚያሟላ፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምተማመነው በውኃ ምርመራ ነው። ውኃ የያዘ ብርጭቆ በስሱ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ከዚያም ብሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው ታችኛውንም ሆነ ጎኑን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያጥልቁት። ክብደቱ ሙሉ የሆነ እውነተኛ ጠገራ ወደ 2.75 ግራም ሲያሳይ፣ ያው ክብደት ያለው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ግን ከ3.1 በላይ ያሳያል። ማግኔት አለመሳቡ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ መዳብም አይሳብምና።

ገጹ ላይ ክብ ክብ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከታዩ፣ ፊደላቱ ከደበዘዙ፣ በእቴጌዋ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎችም አንድ በአንድ የማይቆጠሩ ከሆነ፣ ብሩ ተመትቶ ሳይሆን ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ መሆኑን ይጠርጥሩ። ጠርዙን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፦ በእውነተኛው ላይ «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ይነበባል፤ በፈሰሰው ላይ ግን ጽሑፉ የተድበሰበሰ ነው፣ ወይም የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት መስመር ጠርዙን ይዞራል። መሬት ውስጥ የቆየ ብርም ሊቦረቦር ስለሚችል ቀዳዳው ብቻውን ፍርድ አይሁን።

እንከን ሁሉ የሐሰት ምልክት አይደለም። ከገጹ ከፍ ብሎ የሚታይ ቀጭን መስመር የመምቻው ብረት መሰንጠቁን ያመለክታል፤ ጭረት ግን ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። በእቴጌዋ ጸጉር ወይም በብሩ ጀርባ በተቀረጸው ንስር ደረት ባለው ጋሻ ላይ ዝርዝሩ ጠፍቶ፣ በአካባቢው ያለው ግን ጥርት ብሎ ከቀረ፣ ምቱ ሳይጠነክር የቀረ ነው፤ በመፋተግ ቢሆን ኖሮ ከፍ ያሉት ቦታዎች ሁሉ አብረው ይለሰልሱ ነበር። እንዲህ ያለውን ብር አይጣሉት።

ከምስሉ አናት በላይ ጠርዙ ላይ ጽሑፉን የሸፈነ እብጠት ወይም የቀለም ለውጥ ካገኙ፣ ብሩ ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶለት ኋላ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። ጠገራን ጌጥ ማድረግ በአገራችን የቆየ ልማድ በመሆኑ ይህ እውነተኛነቱን አይነካም፤ የሰብሳቢ ዋጋውን ግን ይቀንሳል። አንጥረኛ ዘንድ ወስደው ለማስተካከልም ሆነ በአሸዋና በሎሚ ፈትገው ለማብራት አይሞክሩ፤ የጠቆረውን ቆዳ ከገፈፉ በኋላ የሚመልሰው የለም።