አየር መንገዱ በስም እንዲያውቃችሁ፦ የማይል አባልነትን በደንብ እንዴት መጠቀም ይቻላል

የማይል አባልነት፣ ማለትም በበረራችሁ ልክ ማይል የሚባል ነጥብ የምትሰበስቡበት የአየር መንገድ ፕሮግራም፣ ሲነሳ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ነፃ ቲኬት ነው። ነፃ ቲኬት ጥሩ ነው፣ ማን ይጠላል። ግን እሱ ጋ ለመድረስ ብዙ መብረር ይጠይቃል። በዓመት አንድ ሁለቴ ለሚጓዝ ሰው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ አስተናጋጇ በስም ስትጠራው፣ የሚስማማው ምግብ ሳይጠይቅ ሲቀርብለት፣ በረራ ሲሰረዝ ሰልፍ ሳይዝ በስልክ ሌላ ቦታ ሲያገኝ። ይሄ ሁሉ የዕድል ወይም የትውውቅ ጉዳይ ይመስላል። አይደለም። ሠራተኞቹ በሚያዩት ስክሪን ላይ ስለ እናንተ የተጻፈ ነገር አለ ወይም የለም፣ ልዩነቱ ያ ነው። አብዛኛውን ደግሞ እዚያ የምታስገቡት እናንተው ናችሁ።

1. አንድ ፕሮግራም ምረጡና እሱ ላይ ቆዩ

አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 አድቫንቴጅ የተባለውን የማይል ፕሮግራሙን ሲጀምር፣ ዩናይትድም በቀናት ልዩነት ሲከተለው፣ ሐሳቡ ደጋግሞ የሚበረውን ሰው ለይቶ ማወቅና መሸለም ነበር። ዛሬም ያው ነው። ማወቅ የሚችሉት ግን በረራችሁ አንድ ቦታ ሲመዘገብ ነው። አምስት ቦታ አባል ሆኖ በየቦታው ጥቂት ጥቂት ማይል የበተነ ሰው አምስቱም ጋ እንግዳ ነው።

አንድ ፕሮግራም መምረጥ ማለት በአንድ አየር መንገድ ብቻ መብረር ማለት አይደለም። ሦስት ትልልቅ የአየር መንገዶች ኅብረቶች አሉ፤ ስታር አሊያንስ እ.ኤ.አ. ከ1997፣ ዋንወርልድ ከ1999፣ ስካይቲም ከ2000 ጀምሮ። በአንዱ ኅብረት ውስጥ ካለ አየር መንገድ የያዛችሁት ቁጥር በሌሎቹም አባላት በረራ ላይ ይሠራል። ብዙ በርራችሁ ከፍ ያለ የአባልነት ደረጃ ስትደርሱም ጥቅሙ አብሯችሁ ይሄዳል። ለምሳሌ ጎልድ የሚባለው የስታር አሊያንስ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በኅብረቱ በረራዎች ላይ ላውንጅ (የተለየ የማረፊያ ክፍል) ይገባል፣ ቼክ ኢን ላይ ቅድሚያ ያገኛል፣ ሻንጣ በኪሎ በሚቆጠርበት መስመር 20 ኪሎ፣ በፍሬ በሚቆጠርበት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል። እንደ ኤሚሬትስ ያሉ የትኛውም ኅብረት ውስጥ የሌሉ ትልልቅ አየር መንገዶችም አሉ፤ እነሱ የራሳቸው የተናጠል ሽርክና ነው ያላቸው።

ስትመርጡ የማይሉን ዕድሜ ሳታዩ አትወስኑ። የዴልታና የዩናይትድ ማይል ጊዜው አያልፍበትም። ስካይዋርድስ የተባለው የኤሚሬትስ ፕሮግራምና ክሪስፍላየር የተባለው የሲንጋፖር አየር መንገድ ፕሮግራም ማይል ግን በሦስት ዓመት አካባቢ ይቃጠላል። አልፎ አልፎ ለሚበር ሰው ይሄ ከምንም በላይ ነው፣ ምክንያቱም ሰብስቦ ሳይጨርስ የመጀመሪያው ይጠፋበታል።

2. ፕሮፋይሉን ሙሉ፣ ግን በልኩ

እዚህ ጋ ነው አብዛኛው ሰው የሚሰንፈው። ስምና ኢሜይል አስገብቶ ይወጣል። ከዚያ «ምንም ጥቅም የለውም» ይላል።

ስማችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል አስገቡ። ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከአካውንቱ ስም ጋር ካልገጠመ ማይሉ ሳይመዘገብ ይቀራል። ቀጥሎ የልደት ቀን፣ የሚሠራ ስልክ፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የምትወዱት መቀመጫ፣ የምግብ ዓይነት፣ የምትመርጡት ቋንቋ። ስልኩን በተለይ አደራ። በረራ ሲዘገይ ወይም ሲሰረዝ መልእክቱ የሚመጣው በእሱ ነው። ቲኬቱን ኤጀንት ከቆረጠላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቡኪንጉ (የጉዞ ምዝገባው) ላይ የሚገባው የኤጀንቱ ስልክ ነው፣ ስለዚህ ገብታችሁ የራሳችሁን ጨምሩ።

በልኩ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በ2012 ሠራተኞቹ የደንበኞችን የጉዞ ታሪክ በአይፓድ እያዩ በግል እንዲያስተናግዱ የሚያደርግ አሠራር ሲያስተዋውቅ፣ የአንዳንድ ተጓዦችን ፎቶ ከጉግል ፈልጎ ፊታቸውን መለየትም በዕቅዱ ውስጥ ነበር፤ ብዙ ሰው በዚህ ተቆጥቷል፣ እኔም ቁጣው ልክ ነበር ባይ ነኝ። በሚገባ መስተናገድና መሰለል አንድ አይደሉም። ለጉዞው የማይጠቅም ጥያቄ ካጋጠማችሁ ባዶውን ተዉት። የማስታወቂያ ፈቃዱንም አጥፉት፤ የበረራ መልእክት እንደሆነ አይቀርባችሁም።

3. ቁጥሩን በየቡኪንጉ አስገቡ፣ መግባቱንም አረጋግጡ

ቲኬት ስትቆርጡ፣ ረስታችሁ ከሆነ ቼክ ኢን ስታደርጉ፣ እሱም ካለፈ ጌት ላይ። ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ቁጥሩና ደረጃችሁ ታትሞ ካላያችሁት አልገባም ማለት ነው። በሌላ ድረ ገጽ በኩል የተገዛ ቲኬት ላይ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

ማይሉ ሳይገባ ቢቀር መጨነቅ አያስፈልግም። ሁሉም ፕሮግራም ማለት ይቻላል ካለፈ በረራ ላይ ማይል የሚጠየቅበት ፎርም አለው፣ ቀነ ገደቡ ግን እንደየፕሮግራሙ ይለያያል። የሚጠይቋችሁ 13 አሃዝ ያለውን የቲኬት ቁጥርና የቦርዲንግ ፓሱን ኮፒ ነው። ስለዚህ ማይሉ አካውንቱ ላይ እስኪታይ ድረስ ቦርዲንግ ፓስ አትጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በሸሪክ አየር መንገድ ስትበሩ እነሱ የሚያዩት ቁጥራችሁንና ደረጃችሁን ነው። የመቀመጫና የምግብ ምርጫችሁ የተቀመጠው የራሳችሁ ፕሮግራም ጋ ስለሆነ አብሮ አይሻገርም፤ ለዚያ በረራ እንደ አዲስ መንገር አለባችሁ።

4. ከመግዛታችሁ በፊት የቲኬቱን ፊደል እዩ

ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተቀምጦ አንዱ ሙሉ ማይል፣ ሌላው ምንም ላያገኝ ይችላል። ምክንያቱ የቲኬቱ የዋጋ ምድብ ነው። እያንዳንዱ ምድብ በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጠራል፤ ዋይ (Y) ሙሉ ዋጋ ያለው ኢኮኖሚ ነው፣ ርካሾቹ ሌሎች ፊደላት አሏቸው። ብዙ ፕሮግራሞች ድረ ገጽ ላይ ፊደሉ ስንት በመቶ እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

5. ቀድማችሁ ተናገሩ

ለኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። አስተናጋጆች በረራው ከመነሳቱ በፊት የተሳፋሪዎችን ዝርዝር ያያሉ፣ ብዙዎቹ አሁን በታብሌት። እዚያ ላይ መቀመጫ፣ ደረጃ፣ የታዘዘ ምግብ፣ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰውና ማስታወሻ ይታያል። ማስታወሻ የሌለውን ሰው ግን በምን ይወቁት?

ልዩ ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት መታዘዝ አለበት፣ አንዳንዱ ዓይነት 48 ሰዓት ይፈልጋል። ፕሮፋይላችሁ ላይ ቢኖርም ቡኪንጉን ከፍታችሁ መግባቱን እዩ። በረራው ከተቀየረ ወይም ሌላ አውሮፕላን ከተመደበ ምግቡም የመረጣችሁት መቀመጫም ሊጠፉ ይችላሉ፣ ስለዚህ ከለውጥ በኋላ እንደገና ማየት ግድ ነው።

እናታችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የምትበር ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉ። እንዲህ በሉ፦ «እናቴ ብቻዋን ነው የምትበረው፣ መሀል ላይ አውሮፕላን ትቀይራለች፣ ከራሷ ቋንቋ ሌላ አትናገርም፤ እርዳታ ይመዝገብላትና ቡኪንጓ ላይ ማስታወሻ ይጻፍልኝ።» ከዚያ የጻፉትን እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ። ይሄ ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም «እሺ ይመዘገባል» የሚል ሁሉ አይመዘግብም። ዊልቸርም ሆነ እስከ ጌት የሚሸኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው፣ የትኛውም ደረጃ አያስፈልገውም። በማይል የሚገኝ ከፍተኛ ጥቅም ከመፈለግ በፊት እንዲህ ያለውን ማንም የሚያገኘውን መጠየቅ ይቅደም።

ጫጉላ ሽርሽር፣ የጋብቻ በዓል፣ የልጅ የመጀመሪያ በረራ ከሆነም ያው ነው። በስልክ አስመዝግቡ፣ አውሮፕላን ላይ ስትገቡ ደግሞ ለአንዷ አስተናጋጅ በቀስታ ንገሯት። አንዳንዴ በእጅ የተጻፈ ካርድ ይመጣል፣ አንዳንዴ ጣፋጭ ነገር፣ አንዳንዴ ልጁ በሩ ጋ ከአብራሪው ጋር ፎቶ ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሰዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ምንም የለም። እንደ ስጦታ ተቀበሉት እንጂ እንደ መብት አትጠይቁት።

በተለይ አፕግሬድን (ወደ ተሻለ ክፍል መሸጋገርን) ከዚህ ጋር አታገናኙት። «ዛሬ ልደቴ ነው» ብሎ ቢዝነስ ክላስ የሚገባ ሰው ወሬ ብዙ ነው፣ አሠራሩ ግን በተራ ነው፤ ደረጃና የቲኬት ምድብ ይታያል፣ ሲስተሙም በዚያ ይደረድራል። አፕግሬድ ከፈለጋችሁ በማይል ጠይቁ ወይም አየር መንገዱ ከበረራ በፊት የሚያቀርበውን ቅናሽ ጠብቁ።

የማይጠየቁ፣ የቤቱ ወግ የሆኑ ስጦታዎችም አሉ። የኔዘርላንድሱ ኬኤልኤም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ በመጣ ልማድ ዛሬ በረጅም በረራ ለቢዝነስ ክላስ ተሳፋሪዎች ትንሽ የሸክላ ቤት ይሰጣል፤ በየዓመቱ ኦክቶበር 7፣ አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተበት ቀን፣ አዲስ ቤት ይጨመራል። ሉፍታንዛ ፍራንክፈርት ባለው የፈርስት ክላስ ተርሚናሉ ገላውን ለሚታጠብ እንግዳ የጎማ ዳክዬ ይሰጣል። ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን ይሰበስባቸዋል። እኔ ከነፃ ቲኬቱ ይልቅ እንዲህ ያለው ነገር ደንበኛ ያቆያል ብዬ አምናለሁ።

6. ሲበላሽ ደረጃችሁን ተጠቀሙ

ሲልቨርም ሆነ ጎልድ ካላችሁ ብዙ ፕሮግራሞች የተለየ ስልክ ቁጥር አላቸው። ከመጓዛችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። በረራ ሲሰረዝ ሰው ሁሉ ወደ ዴስኩ ሲሮጥ እናንተ ሰልፉ ውስጥ ቆማችሁ እየደወላችሁ ቆዩ፣ ቀድሞ የመለሰው ይርዳችሁ።

ቅሬታ ስትጽፉ አጭር ይሁን። የአባልነት ቁጥር፣ የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ የሆነው ነገር በሦስት አራት መስመር፣ ከዚያ የምትፈልጉትን በግልጽ። «ተበሳጭቻለሁ» ብቻ ለሚል ሰው የሚመጣው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይቅርታ ነው። ስጦታ ማይል ሲሰጧችሁ ግን ተጠንቀቁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ቁጥር 261 የሚመለከታችሁ ከሆነ፣ ለረጅም መዘግየትና ለስረዛ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ሊገባችሁ ይችላል። ማይሉን ለመቀበል የምትስማሙበት ጽሑፍ ላይ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ቃል ካለ፣ መጀመሪያ ሁለቱን አወዳድሩ።

ጥሩ ያደረገላችሁንም ጻፉ። አሜሪካንና ዴልታ ከፍ ያለ ደረጃ ላላቸው አባላት፣ በደንብ ላስተናገዳቸው ሠራተኛ የሚሰጡት የምስጋና ካርድ ያዘጋጃሉ። ካርድ ባይኖራችሁም የአስተናጋጇን ስምና የበረራ ቁጥሩን ይዛችሁ በድረ ገጹ ላይ ሁለት መስመር ጻፉ። ለእሷ ብዙ ትርጉም አለው።

7. ደረጃን ለመጠበቅ ብላችሁ አትክሰሩ

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደረጃ እንዳያመልጥ የማይፈልጉትን በረራ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ላውንጁ ከቲኬቱ ዋጋ አይበልጥም፣ ተዉት። ሥራ ወይም መኖሪያ ቀይራችሁ ሌላ አየር መንገድ ከሆናችሁ ደግሞ አዲሱን «የያዝኩትን ደረጃ ታሟሉልኛላችሁ?» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስቴተስ ማች ይሉታል። ካርዳችሁንና የቅርብ ጊዜ በረራዎቻችሁን አሳይታችሁ ነው የሚሰጠው፣ አንዴ ከወሰዳችሁት ለዓመታት እንደገና ላይፈቀድ ስለሚችል ብዙ የምትበሩበት ጊዜ ሲቀርብ ጠይቁ።

8. አካውንቱን ጠብቁ

ማይል ይሰረቃል፣ ይሸጣልም። ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት ፓስወርድ አድርጉ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለው አብሩት። ቦርዲንግ ፓስ ፎቶ አንስታችሁ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ፤ ስሙን ብትሸፍኑት እንኳ ባርኮዱ ውስጥ ስማችሁ፣ የቡኪንጉ ኮድና የአባልነት ቁጥራችሁ አለ። በቡኪንጉ ኮድና በስም ብቻ ብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጽ ላይ ገብቶ መቀመጫችሁን መቀየር፣ አልፎም መመለሻችሁን መሰረዝ ይቻላል። ፎቶ ማጋራት ካማራችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ የመስኮቱን እይታ ለጥፉ።