በአዲስ አበባ ዳርቻ ከቤት ውጭ የተተከለ የሌዘር ብናኝ መለኪያን ካሊብሬሽን መጠበቅ

ይህ መመሪያ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎ፣ በአቃቂና በሌሎች የአዲስ አበባ ዳርቻዎች፣ በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ ወይም በመኖሪያ ግቢ ውስጥ አነስተኛ የሌዘር ብናኝ መለኪያ ለተከሉና ለመትከል ላሰቡ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። መሣሪያው በትንሽ ማራገቢያ አየር ይስባል፣ አየሩን በሌዘር ጨረር ፊት ያሳልፋል፣ ቅንጣቶቹ የበተኑትን ብርሃን ይለካል፤ ከዚያም ፒኤም 2.5 የሚባለውን፣ ማለትም ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ብናኝ፣ በሜትር ኩብ ስንት ማይክሮግራም እንደሆነ ያሰላል። ቅንጣቱን ግን አይመዝነውም። ከብርሃኑ ተነሥቶ ክብደቱን የሚገምተው ፋብሪካው ስለ ቅንጣቱ መጠን፣ ጥግግትና ቀለም አስቀድሞ በያዘው ግምት ሲሆን፣ ያ ግምት የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስንም ሆነ የኮረኮንች መንገድ አቧራን አስቦ የተሠራ አይደለም። ስለዚህ ከፋብሪካ የመጣው ካሊብሬሽን፣ ማለትም ንባቡን ከእውነተኛው መጠን ጋር የማስማማት ሥራ፣ መነሻ ብቻ ነው። እምነት የሚጣልበት ካሊብሬሽን መሣሪያው በሚሠራበት ቦታና ወቅት የተሠራው ነው፤ ወቅቱ ሲለወጥም መታደስ አለበት።

ሥራው የሚጀምረው ከአተካከሉ ነው። መሣሪያውን ከመሬት ከ2 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየር በነፃነት በሚዘዋወርበት ምሰሶ ወይም ግድግዳ ላይ፣ የአየር መሳቢያው አፍ ወደ ታች እንዲያይ አድርገው ይስቀሉት። ከማድ ቤት፣ ከጄኔሬተር ጭስ መውጫና ቆሻሻ ከሚቃጠልበት ጥግ ይራቅ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በቀጥታ ማሰር በተለይ መወገድ ይኖርበታል፤ ቆርቆሮው ቀን ግሎ መሣሪያውን ያሞቀዋል፣ ሌሊት ደግሞ ከአየሩ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ጤዛ ይይዛል፣ በክረምትም ዝናብና በረዶ ሲመታው ጠብታው ተፈናጥሮ ወደ መሳቢያው ይገባል። ከቀጥታ ፀሐይ የሚከልል ጥላ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ብቻ ጥላው የአየሩን መንገድ እንዳይዘጋ።

ሰዓት ቀላል ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥሩ መሣሪያ መጥፎ እንዲመስል ከሚያደርጉ ነገሮች አንዱ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች መረጃ የሚመዘግቡት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ሲሆን የእኛ ሰዓት ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። የግቢው ጥበቃ በመዝገቡ ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጎረቤት ቅጠል አቃጠለ» ብሎ ቢጽፍ፣ ያ ቅጽበት በ24 ሰዓት አቆጣጠር 08:00፣ በመሣሪያው ፋይል ውስጥ ደግሞ 05:00 ነው። ይህ ሳይስተካከል የሁለት መሣሪያዎች መረጃ ጎን ለጎን ከገባ የአንደኛው የንጋት ጭስ ከሌላኛው የረፋድ ንጹሕ አየር ጋር ይነጻጸርና ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል። ከመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ የኢትዮጵያንና የአውሮፓን ቀን፣ እንዲሁም ሁለቱንም ሰዓት በየዓምዳቸው መጻፍ ይገባል።

መሣሪያው ወደ ቦታው ከመሄዱ በፊት ሁለት ፈተናዎችን ይለፍ። የመጀመሪያው የዜሮ ፈተና ነው፦ በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አስገብተው በሄፓ ማጣሪያ (ደቃቅ ብናኝን በሙሉ ማለት ይቻላል በሚያስቀር ማጣሪያ) ያለፈ አየር ይስጡት፤ ንባቡ ወደ 0 ወርዶ መርጋት አለበት። ሳይወርድ ከቀረ ሳጥኑ አየር ያስገባል፣ ወይም በብርሃን ክፍሉ ውስጥ አቧራ ተቀምጧል። ዜሮን ማለፉ ብቻ ግን መሣሪያው ልክ ነው አያሰኝም፤ ትንሽ ብናኝ ባለበት አየር ላይም 0 የሚጽፉ ሴንሰሮች አሉ። ሁለተኛው ፈተና ያሉዎትን መሣሪያዎች ሁሉ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በአንድ ምሰሶ ላይ አስቀምጦ እርስ በርስ ማስተያየት ነው። ከጓደኞቹ የተለየው ገና ከመነሻው ይታወቃል።

ዋናው ሥራ ከማመሳከሪያ መሣሪያ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ማመሳከሪያው በቤታ ጨረር የሚለካ ጣቢያ፣ ወይም አየር 24 ሰዓት ከተሳበበት በኋላ የሚመዘን የማጣሪያ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ቀደም ሲል የአሜሪካ ኤምባሲ በከተማዋ ይለካ የነበረውን በኢንተርኔት እያዩ ማስተያየት ይቻል ነበር፤ ኤምባሲዎቹ መረጃውን ለሕዝብ ማሰራጨታቸው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ስለቆመ፣ አሁን ማመሳከሪያ ካለው ዩኒቨርሲቲ ወይም መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋግሮ መሣሪያን እዚያው ወስዶ መትከል ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ያኔም ቢሆን የተሻለው መንገድ ይህ ነበር፤ መሐል ከተማ የተለካ ቁጥር ሱሉልታ ላይ የተሰቀለን መሣሪያ ሊያርም አይችልም። መሳቢያዎቹ በተቀራረበ ከፍታ፣ ከ1 እስከ 4 ሜትር ርቀት ላይ ይሁኑ፤ ቆይታውም ከ30 ቀን አይነስ።

እዚህ ላይ በእኛ ከፍታ ችላ ሊባል የማይገባው ጉዳይ ይነሣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የእንጦጦ ጋራ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በከተማዋ ያለው የአየር ግፊት 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ጠለል ያለው ግን 1,013 ነው። አንዳንድ ማመሳከሪያ መሣሪያዎች ውጤታቸውን የሚያወጡት በአካባቢው ግፊትና ሙቀት ሳይሆን «መደበኛ» በሚባለው፣ በ1,013 ሄክቶፓስካልና በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በተሰላ የአየር መጠን ነው። በ770 ሄክቶፓስካልና በ16 ዲግሪ በአካባቢው ሁኔታ 30 ማይክሮግራም የሆነው ብናኝ፣ በመደበኛው ሲሰላ 38 ገደማ ይሆናል። ሌዘሩ ደግሞ የሚያየው ፊቱ ያለውን አየር እንዳለ ነው። ልዩነቱን ሳያውቁ ቀመር የሠሩ ሰዎች ከሩብ በላይ የሆነ ስሕተት በመሣሪያቸው ላይ ያትማሉ፤ ስለዚህ የማመሳከሪያውን ባለቤት ውጤቱ በየትኛው ሁኔታ እንደተሰላ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ለፒኤም 2.5 የሚፈለገውም የአካባቢው ነው።

ቀጣዩ እርጥበት ነው። አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶን ሲያልፍ ብዙ ቅንጣቶች ውሃ ስበው ያብጣሉ፤ ያበጠ ቅንጣት ብዙ ብርሃን ስለሚበትን ሌዘሩ ንባቡን ከፍ ያደርጋል። የማጣሪያ ወረቀቱ ግን የሚመዘነው ከ30 እስከ 40 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል ውስጥ ሰንብቶ ስለሆነ ያ ውሃ አይቆጠርም። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይም ጉም በሚወርድባቸው የእንጦጦ ሥር ሰፈሮች፣ ይህ መዛባት በየቀኑ ይታያል። በበጋ ደግሞ ሌላ ነው፦ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቃዛው አየር ታች ተኝቶ የማገዶውን ጭስ እስከ ረፋድ ይዞት ይቆያል፤ የንጋቱ ንባብ ከፍ የሚለው በእውነተኛ ጭስ ነው። ለሁለቱ ወቅቶች አንድ ቀመር መጠቀም አንዱን ወይም ሌላውን ማዛባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ አንዴ በክረምት፣ አንዴ በበጋ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል።

ስሌቱን በኤክሴል መሥራት ይቻላል። የሁለቱን መሣሪያዎች ንባብ በየሰዓቱ አማካይ ያውጡ፤ ከ45 ደቂቃ ያነሰ መረጃ ያለውን ሰዓት ይጣሉ፤ ከዚያም የማመሳከሪያውን ዋጋ በሌዘሩ ንባብና በእርጥበቱ የሚያስረዳ ቀመር ያብጁ። ፐርፕልኤር ለተባሉት የሌዘር መሣሪያዎች በአሜሪካ መረጃ የተሠራው ቀመር ለአሠራሩ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ንባቡ በ0.524 ይባዛል፣ እርጥበቱ በ0.0862 ተባዝቶ ከዚያ ይቀነሳል፣ 5.75 ይደመራል። መሣሪያው 60 ቢያነብ በ85 በመቶ እርጥበት ውጤቱ 30 ገደማ፣ በ40 በመቶ ደግሞ 34 ገደማ ይሆናል። ቅርጹን መውሰድ ይቻላል፤ ቁጥሮቹ ግን የእርስዎ ቦታ ቁጥሮች መሆን አለባቸው። በመሣሪያው ሳጥን ውስጥ ያለው የእርጥበት ሴንሰር ከውጭው አየር ይልቅ ሞቅና ደረቅ ያለ ስለሚያነብ፣ ቀመሩን የሠሩበትና ቀመሩን የሚጠቀሙበት እርጥበት ከአንድ ምንጭ ይሁን። ከመረጃው ሲሶውን ለይተው ያስቀምጡና ቀመሩን በእሱ ይፈትኑ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መለኪያ መሠረት ንባቡን ከማመሳከሪያው ጋር የሚያያይዘው መስመር ተዳፋቱ ከ0.65 እስከ 1.35፣ የመነሻ ልዩነቱ ከ5 ማይክሮግራም ወዲያና ወዲህ ያላለፈ፣ አር-ስኩዌሩ (ሁለቱ ንባቦች ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ ከ0 እስከ 1 የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.70 ያላነሰ፣ አማካይ ስሕተቱም ከ7 ማይክሮግራም ያልበለጠ ሊሆን ይገባል።

ደመራ የሚለኮስበት የመስቀል ዋዜማና ቆሻሻ የሚቃጠልበት ኅዳር 12 በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢገቡ ከፍተኛ ንባብ ስለሚያሳዩ ጠቃሚ ናቸው። ቢሆንም ጥቂት እጅግ ከፍ ያሉ ነጥቦች መስመሩን ወደ ራሳቸው ይጎትታሉና ቀመሩ እነዚያን ቀናት ጨምሮም ሳይጨምርም ተሠርቶ ይነጻጸር። የመንገድ ሥራ ወይም የድንጋይ ካባ አጠገብ ለተተከለ መሣሪያ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ እነዚህ ሌዘሮች ደቃቁን ጭስ እንጂ ሻካራውን አቧራ በደንብ አያዩም፣ በስክሪናቸው ላይ ፒኤም 10 (ዲያሜትሩ እስከ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ብናኝ) ብለው የሚጽፉትም ለውሳኔ የሚበቃ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥበቃ ነው። አንድ መሣሪያ ለይተው በደንብ በተዘጋ ሳጥን ቤት ውስጥ ያኑሩ፤ ማመሳከሪያው አጠገብ ካሊብሬት ከተደረገ በኋላ በየ3 ወሩ ወደየጣቢያው እየወሰዱ ለጥቂት ቀናት ጎን ለጎን ያስተያዩበት። የሸረሪት ድርና ነፍሳት መሳቢያውን ስለሚዘጉ በየወሩ ይታይ። ጽዳቱ በለስላሳ ብሩሽና በእጅ በሚጨመቅ የጎማ መንፊያ ይሁን፣ እርጥብ ጨርቅና አልኮል ወደ ብርሃን ክፍሉ አይግባ፤ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ያለው ንባብም ይመዝገብ፣ አለበለዚያ ለውጡ ከአየሩ ይሁን ከጽዳቱ መለየት አይቻልም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማራገቢያው እስኪረጋ ያሉትን የመጀመሪያ ደቂቃዎች ከስሌት ያውጡ። ጥሬው ንባብ በምንም ምክንያት አይሰረዝ፤ የተስተካከለው በሌላ ዓምድ ይጻፍ።

ሌዘሩም ያረጃል። ለምሳሌ ኤስዲኤስ 011 ለተባለው ሴንሰር አምራቹ የሚገልጸው ዕድሜ እስከ 8,000 ሰዓት ነው፤ ያለማቋረጥ ከሠራ 11 ወር ገደማ ነው። ሁለት ሌዘር ያለው መሣሪያ ከሆነ የሁለቱ የቀን አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በላይ፣ በመቶኛ ሲሰላም በብዙ፣ መራራቅ ሲጀምር፣ ጽዳትም ካልመለሰው፣ ሴንሰሩ ይቀየር። አዲስ ሴንሰር ሲገባ የድሮው ቀመር አብሮ አይዛወርም፤ የተቀየረበት ቀንና ሰዓት በመዝገቡ ሰፍሮ ጎን ለጎን ማስተያየቱ ከመጀመሪያው ይካሄዳል፣ እስኪጠናቀቅም የሚወጣው ንባብ ሁሉ «ያልተስተካከለ» ተብሎ ይመዘገባል።