በክሪታ አኒሜሽን ከመጀመራችሁ በፊት ሸራውን እንዴት ታዘጋጃላችሁ?

ሁለት ልጆች ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ የ12 ሰከንድ አኒሜሽን ስዬ ጨርሼ ነበር። ለስልክ እንዲሆን ወደ ቁም ስቆርጠው ልጆቹ በግራና በቀኝ ወጡ፤ መሀል ላይ የቀረችው ኳሷ ብቻ ናት። ሸራውን ስከፍት አንድ ደቂቃ አስቤበት ቢሆን ያ ሁሉ ልፋት አይባክንም ነበር። እኔ የምሠራው በነፃ በሚወርደው የሥዕልና የአኒሜሽን ፕሮግራም፣ በክሪታ ነው።

መጀመሪያ ሥራው የት እንደሚታይ ወስኑ። ለዩቲዩብ ከሆነ ስፋቱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክስል ይሁን። ለቲክቶክ ቁጥሮቹን ገልብጧቸው። ለሁለቱም ካሰባችሁት አግድሙን ያዙና ዋናውን እንቅስቃሴ፣ ወደ ቁም ሲቆረጥ መሀል ላይ በምትቀረው 608 ፒክስል ስፋት ውስጥ አቆዩት። ከግራ ጠርዝ 656 እና 1264 ላይ መስመር ብታሰምሩ ዓይናችሁ አይስትም።

ኮንትሮልና ኤንን ስትጫኑ የአዲስ ፋይል መስኮት ይመጣል። ቁጥሮቹን አስገቡ፤ መለኪያው ፒክስል መሆኑን እዩ። ቀለሙ አርጂቢ፣ 8 ቢት ይበቃል። ሪዞሉሽኑ 72 ሆነ 300 ለቪዲዮ ለውጥ የለውም፤ እሱ የሕትመት ጉዳይ ነው። ስፋቱም ቁመቱም ግን ለሁለት ያለ ቀሪ ይካፈሉ፤ አለዚያ በተለመደው የቪዲዮ ዓይነት፣ በኤች 264 ስታወጡ እምቢ ሊላችሁ ይችላል።

ትልቅ ይሻላል ብላችሁ በ4ኬ (3840 በ2160 ፒክስል) አትጀምሩ። አንድ ፒክስል 4 ባይት ስለሚይዝ፣ በ1920 በ1080 ሙሉ በሙሉ የተቀባ አንድ ሥዕል 8 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም (ቅጽበታዊ ምስል) በሚሄድ የ10 ሰከንድ ሥራ፣ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ 120 ሥዕል ይሆናል። ይህ በአንድ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት በሚደራረብ የሥዕል ንብርብር) ብቻ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል። 4ኬ ደግሞ በአራት ያባዛዋል። ራሙ አነስተኛ የሆነ ላፕቶፕ እዚህ ላይ ነው መንተፋተፍ የሚጀምረው።

ቀጥሎ ከወርክስፔስ ምርጫ አኒሜሽን የሚለውን ክፈቱ፤ ፍሬሞቹ በተራ የሚደረደሩበት ታይምላይን ይመጣል። ፍጥነቱን 24 አድርጉ፤ የመጨረሻውን ፍሬምም አሁኑኑ ሙሉ። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 10 ሰከንድ የሚያልቀው 239 ላይ ነው። መደቡን በአንድ ሌየር፣ የሚንቀሳቀሰውን በሌላ ሣሉ። ሌየሩ አጠገብ ያለችውን የአምፖል ምልክት ስትነኩ የፊተኛውና የኋለኛው ሥዕል ሳስቶ ይታያል።

እጃችሁ እንዲመቸው ሸራውን በ4 እና በ6 ቁጥር አሽከርክሩት፣ በ5 ወደ ቦታው መልሱት። የሚዞረው እይታው ነው፤ ሥዕሉ አይነካም።

መሀል ላይ መጠን መቀየር ካስፈለገ ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጡና ኢሜጅ ወደሚለው ሜኑ ግቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሪሳይዝ ካንቫስ ጠርዙን ብቻ ያሰፋል ወይም ያጠባል። ከጠርዙ ውጭ የቀረው ሥዕል ስለማይጠፋ መልሳችሁ ስታሰፉ ታገኙታላችሁ። ስኬል ኢሜጅ ግን ሥዕሉንም አብሮ ይለጥጠዋል፤ ትንሹን ካሳደጋችሁት መስመሩ ይደበዝዛል። ትሪም ቱ ኢሜጅ ሳይዝ ደግሞ ከጠርዙ ውጭ ያለውን ቆርጦ ይጥለዋል፤ ሥራው ሳያልቅ አትንኩት።

በመጨረሻም አንድ ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስታልፍ በአሥር ፍሬም ሣሉ፣ ቪዲዮ አድርጋችሁ አውጡና በስልካችሁ ቲክቶክ ውስጥ ክፈቱት። የቲክቶክ ምልክቶች በቀኝና ከታች የሚሸፍኑትን ቦታ ያኔ ታዩታላችሁ፤ ጽሑፍም ፊትም እዚያ አታስቀምጡ።