ለቀጣናዊ ጉዳዮች ተቋም የፖሊሲ ጥናት ሲያቀርቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ የሚገኘው የውጭ ጉዳይ ኢንስቲትዩትም ሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት፣ ወይም ስለ አፍሪካ ቀንድ የሚሠራ ሌላ ማንኛውም የጥናት ተቋም፣ ከአጥኚ የሚጠብቀው ውሳኔ ሰጪ የሆነ ሰው ከመወሰኑ በፊት አንብቦ ሊጠቀምበት የሚችል ጽሑፍ ነው። ጉዳዩን ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ድንበር ላይ ወርደው ያጠኑ ሰዎች ያዘጋጁት ረቂቅ ሳይቀር በተደጋጋሚ ተመላሽ የሚሆነው ይህ አንባቢ ሲዘነጋ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ መዘንጋት የሚመነጩ ናቸው።

ርዕስን ከሚገባው በላይ ማስፋት

«የአፍሪካ ቀንድ የደኅንነት ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» የሚል ርዕስ የመረጠ አጥኚ የሱዳንን ጦርነት፣ የቀይ ባሕርን ወደቦች፣ አልሸባብንና ድርቅን በአንድ ጽሑፍ ለማካተት ይገደዳል፤ በመጨረሻም ስለ እያንዳንዱ ማንም ጋዜጣ አንባቢ የሚያውቀውን ብቻ ጽፎ ይጨርሳል። ርዕሱ በአንድ ውሳኔ ዙሪያ ቢታጠር ይሻላል። ለምሳሌ በሞያሌ በኩል የሚነግድ አነስተኛ ነጋዴ በአንድ ጉዞ እንዲይዝ የሚፈቀድለት የዕቃ ዋጋ ጣሪያ ይሻሻል ወይስ ባለበት ይቆይ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥበት መሥሪያ ቤት አለው፣ ማስረጃ ይሰበሰብበታል፣ በጥቂት ገጾችም ያልቃል። ርዕሱ ከተስተካከለ ሌላም ስህተት አብሮ ይወገዳል፤ ይኸውም ስለ ወደብ አማራጭ የሚነሣን ጥናት ከአክሱም መንግሥት ዘመን ጀምሮ በበርካታ ገጽ ታሪክ የመክፈት ልማድ ነው። ታሪክ የሚገባው የዛሬውን ውሳኔ የሚያጠብ ወይም የሚያሰፋ ከሆነ ብቻ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍን እንዳለ መላክ

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ አጥኚው ዘዴውን ማወቁን ለፈታኞች የሚያሳይበት ስለሆነ የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ፣ የቀደምት ጥናቶች ቅኝትና የናሙና አወሳሰድ ዝርዝር ያስፈልገዋል። የፖሊሲ አንባቢ ግን መጀመሪያ ግኝቱንና ምክረ ሐሳቡን በአንድ ገጽ አጠቃሎ ማግኘት ይፈልጋል፤ ዘዴው በአጭሩ ተገልጾ ዝርዝሩ ወደ አባሪ ሊሄድ ይችላል። ምዕራፎቹን በማሳጠር ብቻ መመረቂያውን የፖሊሲ ጥናት ማድረግ አይቻልም። ከግኝቱ ተነሥቶ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ባለቤት የሌለው ምክረ ሐሳብ

በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ስህተት ነው። «የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው ሊሠሩ ይገባል»፣ «መንግሥት ልዩ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ስህተት የማይገኝባቸው ቢመስሉም ነገ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ሥራ የሚጀምር ሰው አይጠቁሙም። ጥሩ ምክረ ሐሳብ ማን፣ በየትኛው ሥልጣኑ፣ ምን እንዲያደርግ፣ በምን ወጪና መቼ የሚሉትን ይመልሳል። ለዚህ ደግሞ ሕጉን ማንበብ ግዴታ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የውጭ ፖሊሲን፣ የውጭ ንግድን መቆጣጠርንና ድንበር ተሻጋሪ ወንዞችን የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ያደርጋል፤ አንቀጽ 55 ደግሞ አስፈጻሚው የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መሆኑን ይደነግጋል። የሶማሌ ክልል ከጎረቤት አገር ጋር የንግድ ስምምነት ይፈራረም ብሎ የሚመክር ጥናት እነዚህን አንቀጾች ስላላየ ብቻ ውድቅ ይሆናል፤ ክልሉ በገበያ ማዕከልና በእንስሳት ጤና ረገድ በራሱ ሊሠራ የሚችለው ብዙ ሆኖ ሳለ ያ ሳይጠቀስ ይቀራል። የፌዴራል ሚኒስቴሮችን ድርሻ ለመለየት የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የወሰነውን አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ቢያንስ አንድ ጊዜ ማንበብ ይጠቅማል።

ለኢጋድ (የምሥራቅ አፍሪካ የልማት በይነ መንግሥታት ድርጅት) የሚቀርብ ምክረ ሐሳብም እንደዚሁ ነው። ኢጋድ በአባል አገሮች የጋራ ስምምነት የሚወስን ድርጅት በመሆኑ «ኢጋድ አባል አገሮችን ያስገድድ» የሚል ሐሳብ ድርጅቱ የሌለውን ሥልጣን ይሰጠዋል። አጥኚው የትኛው አገር ለምን ሊቃወም እንደሚችልና ተቃውሞውን ምን ሊያለዝበው እንደሚችል ቢጽፍ ግን ሥራው ለስብሰባው ለሚዘጋጅ ዲፕሎማት እውነተኛ አጋዥ ይሆናል።

የሌላውን ወገን ክርክር በደካማ መልኩ ማቅረብ

በዓባይ ላይ የሚቀርቡ ጥናቶች ይህ ስህተት ይበዛባቸዋል። እ.ኤ.አ. የ1929ኙ ስምምነት በብሪታንያና በግብፅ መካከል፣ የ1959ኙ ደግሞ በግብፅና በሱዳን መካከል የተደረጉ መሆናቸውን፣ ኢትዮጵያም በሁለቱም እንዳልተሳተፈች መጻፍ ትክክል ነው። ችግሩ ብዙ ረቂቆች እዚያ ላይ መቆማቸው ነው። ግብፅ የምታነሣው የነባር ተጠቃሚነትና የከፍተኛ ጉዳት ክርክር፣ ሱዳን ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ አሠራር ጋር የተያያዘ መረጃ በወቅቱ የማግኘት ጥያቄዋ፣ በተከራካሪዎቹ በራሳቸው ሰነዶች ላይ ተመሥርቶ በጠንካራ መልኩ ካልቀረበ መልሱም ጠንካራ ሊሆን አይችልም። የካይሮን አቋም ከአዲስ አበባ ጋዜጦች ብቻ የሚያውቅ አጥኚ በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚገጥመውን ክርክር አላየውም።

በዚሁ ጉዳይ ሰነዶችን ማምታታትም የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ስለ ግድቡ በካርቱም የፈረሙት የመርሆዎች መግለጫ ስምምነት የውኃ ድርሻ አያከፋፍልም፤ አለመግባባት ሲፈጠርም መጀመሪያ ምክክርንና ድርድርን፣ ቀጥሎም ሦስቱ በጋራ ከጠየቁ ሽምግልናን ወይም ወደ መሪዎች መምራትን ያስቀምጣል። የዓባይ ተፋሰስ አገሮች የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንቴቤ ለፊርማ ቀርቦ በኦክቶበር 2024 ወደ ሥራ የገባ ሌላ ሰነድ ነው፤ ግብፅና ሱዳን ስላልፈረሙት በእነርሱ ላይ የውል ግዴታ እንደፈጠረ አድርጎ መጻፍ ለገምጋሚው የጸሐፊውን ጥንቃቄ ማነስ ወዲያው ያሳያል።

ቁጥርን ያለ ዘመኑና ያለ ምንጩ መጠቀም

የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ሰንጠረዦችን ያበላሻል። የኢትዮጵያ የ2016 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2015 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁላይ 2023 እስከ ጁላይ 2024 ይደርሳል። የሶማሊያ በጀት ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። የሁለቱን አገሮች የወጪ ንግድ አኃዝ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ይህን የስድስት ወር ልዩነት ካላስታወቀ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም።

ብርን ወደ ዶላር መለወጥም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። የምንዛሪ ሥርዓቱ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ የበርካታ ዓመታትን የንግድ ዋጋ በአንድ ምንዛሪ ያባዛ ጥናት የሌለ ዕድገት ወይም የሌለ ውድቀት ያሳያል። የሕዝብ ቁጥርን በተመለከተ የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደ ሲሆን በአፋርና በሶማሌ ክልሎች፣ ማለትም የድንበር ጥናቶች በሚበዙባቸው አካባቢዎች፣ የተቆጠረው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ መሆኑ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ሊነገር ይገባል። የጉምሩክ መዝገብ በድንበር ላይ ያለ ሰነድ የሚካሄደውን ንግድ እንደማይይዝም መዘንጋት የለበትም፤ በመዝገብ ላይ ያለው የቁም እንስሳት ንግድ ቀነሰ ማለት ከብቱ መሻገር አቆመ ማለት አይደለም።

ምንጭን አለመለየትና ምንጭን አለመጠበቅ

የባለሥልጣን ንግግር የመንግሥትን አቋም ያስረዳል እንጂ የተነገረው ነገር መፈጸሙን አያረጋግጥም፤ ሁለቱ በግርጌ ማስታወሻ ሳይቀር ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። በሌላ በኩል ድንበር ላይ ያነጋገሩትን ነጋዴ ወይም የቀበሌ ሠራተኛ በሥራው፣ በመንደሩና በዕድሜው መግለጽ ስሙን ከመጻፍ አይለይም፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ ሰውየው በቀላሉ ይታወቃል፣ ጉዳትም ሊደርስበት ይችላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ የተዘጋጀ የዋቢ ዝርዝር እያንዳንዱ ሥራ ተከፍቶ ሳይታይ መላክ የለበትም፤ የሌሉ ጽሑፎች በዚህ መንገድ ገብተው ይገኛሉና።

የአቀራረብ ግድፈቶች

የተቋሙን የአጻጻፍ መመሪያ ሳያነቡ መላክ፣ የቃላት ገደቡን ማለፍ፣ አንድን ረቂቅ በተመሳሳይ ጊዜ ለሁለት ተቋማት ማቅረብ፣ ግምገማው ስም ሳይታወቅ የሚካሄድ ሆኖ ሳለ ስምን በፋይሉ ውስጥ መተው፣ እነዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚታረሙ ነገሮች ናቸው። በዋቢ ዝርዝር የኢትዮጵያውያንንና የኤርትራውያንን ስም ገልብጦ የአባትን ስም ማስቀደም ግን የማያቋርጥ ግራ መጋባት ስለሚፈጥር ከአርታኢው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

ረቂቁ ከተላከ በኋላ ጉዳዩን መተውም ስህተት ነው። ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያ የግዛቴ አካል ናት ከምትላት ከሶማሌላንድ ጋር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ስለ ባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ብዙ ጥናቶች በሞቃዲሾና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ውጥረት እየተባባሰ ይሄዳል በሚል ግምት ተጽፈው ነበር፤ ዲሴምበር 11 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ሶማሊያ በአንካራ የሰጡት የጋራ መግለጫ ያንን ግምት አናጋው። በግምገማ ላይ የቆየ ረቂቅ ባለቤት እንዲህ ያለ ለውጥ ሲከሰት ገምጋሚው እስኪጠይቀው ሳይጠብቅ የትኛው ምክረ ሐሳብ እንደጸና፣ የትኛው እንደወደቀና የትኛው እንደገና መታየት እንዳለበት የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ከተሻሻለው ጽሑፍ ጋር ለአርታኢው መላክ አለበት።